«በባልና ሚስት መሃል አይገባም» እና ሌሎች ዋጋ ያስከፈሉን አባባሎች

አንድ ሰው ሚስቱን እንደሚደበድብ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጎረቤት ያውቃል፣ ባለሱቁ ያውቃል፣ ዕድር አብረውት የሚቀመጡት ያውቃሉ። ነገሩ ሲነሳ ግን ከወንዶቹ አንዱ የታወቀ አባባል ይጠቅሳል፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል፣ ወሬውም ወደ ሌላ ይዞራል። አባባሎቹ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርዱ የኖሩ ናቸውና እውነት ይሁኑ አይሁኑ የሚጠይቃቸው የለም።

መጠየቅ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የስነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነና አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች መካከል 34 በመቶዎቹ ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ የዓለም ጤና ድርጅት በልዩ ልዩ አገሮች ባስጠናውና እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ባደረገው ጥናት ደግሞ፣ በቡታጅራና በዙሪያዋ ከተጠየቁት ሴቶች 71 በመቶዎቹ በሕይወታቸው ውስጥ ከባል ወይም ከትዳር አጋር አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ይህን ያህል ስፋት ያለው ነገር በጥቂት ክፉ ሰዎች ጉልበት ብቻ አይቆምም። ብዙ ደህና ሰዎች ዝም ስላሉለት ነው ጸንቶ የኖረው። የምጽፈው ለእነዚህ ደህና ሰዎች ነው፤ በተለይም ለወንዶቹ።

«በባልና ሚስት መሃል አይገባም»

ይህን የሚሉ ሰዎች ክፋት ኖሯቸው አይደለም። «ነገ እነሱ ይታረቃሉ፣ ገላጋይ ጠላት ሆኖ ይቀራል» የሚለውን ብዙዎች በራሳቸው ላይ ደርሶ አይተውታል። ቢሆንም አባባሉ ሁለት ነገር ይሸፍናል።

አንደኛው ሕግ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም እንደ ባልና ሚስት አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም ጥቃት እንደማንኛውም የአካል ጉዳት ወንጀል እንደሚያስቀጣ ደንግጓል። ጎዳና ላይ ሰው መደብደብና ጓዳ ውስጥ ሚስትን መደብደብ በሕግ ፊት ሁለቱም ወንጀል ናቸው። በሩ መዘጋቱ ነገሩን የግል ጉዳይ አያደርገውም።

ሁለተኛውና ትልቁ የጎረቤት ድርሻ ነው። በዚያው በ2016ቱ ጥናት አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ሁለት ሦስተኛው ገደማ እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። እርዳታ ከጠየቁት ጥቂቶች መካከል ደግሞ አብዛኞቹ የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ቤተሰብ ነው። ወደ ጎረቤት የሄዱት 34 በመቶ፣ ወደ ወገናቸው የሄዱት 31 በመቶ ናቸው። ፖሊስ ጣቢያ የደረሱት ከዚህ በጣም ያንሳሉ። እንግዲህ በዚህ አገር የተደበደበች ሴት የምታንኳኳው የመጀመሪያው በር የእኔና የእናንተ ነው። «አይገባም» ስንል ያንን በር እየዘጋን ነው።

መግባት ሲባል እጅጌ ሰብስቦ ለጠብ መሄድ የሚመስለው ሰው አለ። ብዙ አባወራ ተከራይቶ የሚኖርበትን ግቢ አስቡት። ክፍሎቹን የሚለየው ቺፑድ ነው፤ ጩኸቱ እንዳለ ይሰማል። አንዱ ጎረቤት ሌላውን ይጠራል፣ ሁለት ሆነው ያንኳኳሉ። «ይቅርታ፣ ቻርጀር ይኖራችኋል?» ይላሉ፤ ወይም «ቡናው ደርሷል፣ ኑ ጠጡ» ይላሉ። ሰውየው በሩን ሲከፍት እጁ ይወርዳል፤ ሴትየዋም ትንፋሽ ታገኛለች። ስለ ድብደባው ምንም አልተባለም፣ እንደተሰማ ግን ሰውየው አውቋል። ያቺ ደቂቃ ብዙ ጉዳት ታስቀራለች። ስለታም ነገር ካለ ወይም ሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ግን ማንኳኳቱ ቀርቶ ፖሊስ መጥራት ነው።

የቀረው ሥራ የሚሠራው በማግስቱ ነው። ሰውየውን የሚያከብረው ጓደኛ፣ ስካሩም ንዴቱም በሌለበት ሰዓት ለብቻው ይዞት፣ ሰምቻለሁ፣ ትክክል አይደለም፣ ከደገምክ ዝም አልልም ይለዋል። ሴትየዋን ደግሞ የምታምናት ጎረቤት እሱ በሌለበት ታነጋግራት፤ ምን እንደምትፈልግ ትጠይቃት። «ለምን ጥለሽው አትሄጂም?» ብሎ መጫን ጥሩ አይደለም። ጥላ ልትሄድ የተነሳችበት ጊዜ ብዙ ጊዜ ከሁሉም የሚያሰጋው ጊዜ ነው፤ መሄጃዋንና ልጆቿን ሳታዘጋጅ እንድትወጣ መገፋፋት ለባሰ ሊዳርጋት ይችላል።

«ጠጥቶ ነው እንጂ ጥሩ ሰው ነው»

መጠጥ ድብደባን ያባብሳል፤ ይህ አይካድም። ብዙ በተጠጣበት ቤት ጉዳቱም ይከፋል። ምክንያቱ መጠጡ ነው የሚለው ግን አያስኬድም። ያው ሰው ሰክሮ ሳለ አለቃውን አይመታም። መንገድ ላይ ፖሊስ ሲያይ ረጋ ይላል። ቤት ድረስ ራሱን ተቆጣጥሮ መጥቶ፣ በሩን ዘግቶ ነው የሚጀምረው። አንዳንዱማ ነገ እንግዳ እንደሚመጣ አስታውሶ ፊቷን ይተውና በልብስ የሚሸፈነውን አካሏን ይመታል። ራሱን የሳተ ሰው እንዲህ አይመርጥም። ሚስትን መምታት መብቱ እንደሆነ ያምናል፣ ማንም እንደማይጠይቀውም ያውቃል። መጠጡን ቢተው ጥሩ ነው፤ እምነቱ ካልተነካ ግን ሳይጠጣም ይመታል።

«ሽማግሌ ካስታረቃቸው አልቋል»

ሽምግልናን የምናከብር ሕዝቦች ነን፤ እኔም አከብራለሁ። ደም ያደረቀ፣ መንደር ከመንደር ያስማማ ነገር ነው። በቤት ውስጥ ጥቃት ላይ የሚሠራበት መንገድ ግን ብዙ ጊዜ ተበዳይዋን ለሁለተኛ ጊዜ ይበድላል።

ሥርዓቱን የምታውቁት ነው። ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን አድርገሽው ነው?» የሚል ነው። እሷ የምትናገረው እሱ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ነው፤ ማታ አብራው እንደምትገባ እያወቀች። እሱ «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» ይላል፤ ጉልበት ይስማል። እሷ ደግሞ «ለልጆችሽ ስትዪ ቻይ» ትባላለች። ስምምነቱን የሚከታተል የለም፤ ሽማግሌዎቹ የሚሰሙት በሚቀጥለው ድብደባ ነው። ዕርቁ የተለካው ትዳሩ ባለመፍረሱ እንጂ ዱላው በመቆሙ አይደለም።

ዕርቅ ሁሉ ይቅር አልልም። ሽማግሌ ከተጠራ ግን የሚሠራበት መንገድ ይለወጥ። ሴትየዋ ለብቻዋ፣ ሴት ሽማግሌዎች ባሉበት ትሰማ። «ቻይ» የሚለው ቃል ከዚያ ጉባኤ ይውጣ። በየወሩ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ይመደብ። ሰውየው ከደገመ ጉዳዩን ለፖሊስ የሚያደርሱት ራሳቸው ሽማግሌዎቹ እንደሚሆኑ በፊቱ ይነገረው።

ሽምግልና ጨርሶ መግባት የሌለበት ጉዳይም አለ፤ አስገድዶ መድፈርና ጠለፋ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ ካገባት ከክስ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። ሽማግሌ የሚላከውም በዚያ ቀዳዳ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በአርሲ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን በጥይት ገድላ ስትከሰስ፣ የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማህበር ጠበቆች ቆመውላት ራሷን በመከላከሏ ነጻ ወጣች። «ድፍረት» የተባለው ፊልም በዚህ ታሪክ ላይ የተሠራ ነው። የ1996ቱ ሕግ ቀዳዳውን ደፈነው፤ ጠላፊው ቢያገባትም ከቅጣት አያመልጥም። ዛሬም ግን በካሳና በቤተሰብ ስምምነት እንዲህ ያለውን ወንጀል ለመሸፈን የሚቀመጥ ሽማግሌ አይጠፋም። እንዲህ ያለ ጉባኤ ላይ የሚጠራ ሰው «አልቀመጥም» ማለት አለበት።

«ደፋሪ ከጨለማ የሚወጣ የማይታወቅ ሰው ነው»

ሴት ልጆቻችንን «ሳይመሽ ግቢ» እያልን የምናሳድገው በዚህ እምነት ነው። መጠንቀቁ ባይከፋም አብዛኛው ወሲባዊ ጥቃት የሚመጣው ከሚታወቅ ሰው ነው። ባል፣ የቀድሞ ባል፣ እጮኛ፣ ዘመድ፣ የቤት አከራይ፣ አስተማሪ ሊሆን ይችላል። ላገቡ ሴቶች ደግሞ ቀዳሚው ባል ነው። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን የሚተረጉመው «ከጋብቻ ውጭ» ብሎ በመሆኑ፣ ሚስቱን የሚደፍር ባል በዚህ አንቀጽ አይጠየቅም። ይህ በአገራችን ሕግ ላይ ያለ ትልቅ ጉድለት ነው፤ መስተካከልም አለበት። ሕጉ እስኪስተካከል ግን ጋብቻ ለዘላለም የተሰጠ ፈቃድ አለመሆኑን ወንዶች እርስ በርስ ለመነጋገር አዋጅ አያስፈልጋቸውም። የንስሐ አባትም ሆነ ኢማም ሙሽሮችን ሲመክር ይህን በግልጽ ቢናገር ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

ወንዶች በተለይ ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። እህቱ፣ ልጁ፣ ሚስቱ ወይም ጎረቤቱ የተደፈረችበት ሰው መጀመሪያ የሚያስበው በቀል ወይም ገመና ነው። ሰዓቱ ግን እየሄደ ነው። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ ቢፈጥን ደግሞ ይሻላል። ድንገተኛ የወሊድ መከላከያም ቢዘገይ እስከ አምስት ቀን ነው። ማስረጃው እንዳይጠፋ ሳትታጠብ፣ ልብሷንም ሳታጥብ ወደ ጤና ተቋም መድረስ አለባት። ቤተሰብ ተሰብስቦ «ምን ይባላል» እያለ ቀናት ሲያሳልፍ የሚጠፋው ይህ ሁሉ ነው።

በሰሜኑ ጦርነት የሆነውንም ማለፍ አልችልም። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት ሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ያወጡት የጋራ ሪፖርት በትግራይ ስለተፈጸመው፣ የቡድን መድፈርን ስለሚጨምር ወሲባዊ ጥቃት መዝግቧል። በአማራና በአፋርም ሴቶች በጦርነቱ ወቅት ተመሳሳይ ነገር ደርሶባቸዋል። ከእነዚህ ሴቶች መካከል ተርፈው ወደ ቤት ሲመለሱ ባል ፊቱን ያዞረባቸው፣ ጎረቤት የሸሻቸው አሉ። ወታደሩ የጀመረውን እኛ መጨረስ የለብንም። በነውሩ ማፈር ያለበት የደፈረው ነው።

«ወንድ ሁሉ ያው ነው»

ይህን የተበደሉ ሴቶች በምሬት ይሉታል፤ በዳዮች ደግሞ ለመሸሸጊያ ይጠቀሙበታል። መረጃው የሚለው ሌላ ነው። ከላይ የጠቀስኩት የ2016ቱ ጥናት ወንዶችንም ሴቶችንም «ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው?» ብሎ አምስት ምክንያቶችን ዘርዝሮ ጠይቋል፤ ምግብ ብታሳርር፣ ብትከራከረው፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ልጆቹን ችላ ብትል፣ ግንኙነት እምቢ ብትል። ቢያንስ በአንዱ ምክንያት «ተገቢ ነው» ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ሲሆኑ ወንዶች ግን 28 በመቶ ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ሴቶቹ 68፣ ወንዶቹ 45 በመቶ ነበሩ። በአምስት ዓመት ውስጥ በወንዶች ዘንድ የታየው ለውጥ ትልቅ ነው።

የሴቶቹን ቁጥር ይዞ «ይኸው፣ ራሳቸው ይወዱታል» የሚል ይኖራል። ልጅ ሳለች ጀምሮ «ባል ቢመታሽ ለመልካም ነው» እየተባለች ያደገች፣ ሌላ መሄጃም የሌላት ሴት፣ ጥፋቱ የራሷ ነው ብላ ብታምን አይደንቅም፤ ጥፋቱ የእሷ ከሆነ ነገ በመጠንቀቅ ልታስቀረው እንደምትችል ተስፋ ይሰጣታልና። ይህ ፍቅር አይደለም፣ መሸነፍ ነው። የወንዶቹንም ቁጥር በየዋህነት አላነበውም። ለጠያቂው ደስ የሚለውን መልስ የሰጠ ይኖራል። ቢሆንም የሚያስከብረው መልስ «አይገባም» የሚለው መሆኑን ማወቁ በራሱ አንድ እርምጃ ነው።

ከ10 ወንዶች ሰባቱ የሚስት ድብደባን ካልተቀበሉ ታዲያ ድምፃቸው የት ጠፋ? እያንዳንዱ ሌሎቹ የሚቀበሉት ስለሚመስለው ዝም ይላል። ጠጅ ቤት አንዱ ተነስቶ «ትናንት ልክ አስገባኋት» ይላል፤ ጠረጴዛው ይስቃል። ከሳቁት መካከል በልቡ የቀፈፈው ብዙ ነው፤ የሳቀው ሌላው ስለሳቀ ነው። ተናጋሪው ግን ሳቁን ምርቃት አድርጎ ይወስደዋል። «ወንድሜ፣ ይሄ አያስቅም» የሚል አንድ ሰው በዚያ ጠረጴዛ ላይ ቢገኝ፣ በልባቸው ከእሱ ጋር የሆኑ ሌሎችም በጠረጴዛው እንደሚኖሩ ቁጥሩ ይጠቁመናል። ወንዶችን በዚህ ሥራ ማሳተፍ የምንለው ነገር እዚህ ላይ ይጀምራል።

«ባህላችን ነው»

የትኛው ባህል? በኦሮሞ ዘንድ ሙሽራ ስትዳር ሲንቄ የተባለውን በትር ይዛ ትወጣለች። አንዲት ሴት፣ በተለይም አራስ ሆና፣ በባሏ ከተደበደበች እሪታዋን የሰሙ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ከየቤታቸው ይወጣሉ፤ ሥራ ይቆማል፤ በዳዩም ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ እስኪጠይቅና እስኪክስ አይመለሱም። በጉራጌ የቃቄ ውርድወት የተባለች ሴት በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ በጋብቻና በፍቺ ላይ የሴቶችን መብት ተከራክራለች። ይህም ባህላችን ነው። ዱላውን ብቻ መርጦ «ባህል» የሚል ሰው ከውርሱ የሚጠቅመውን ብቻ የወሰደ ነው።

ያልነበረን ልማድ ማምጣት ቀርቶ የነበረን ማስቀረትም እንደሚቻል ከምባታ አሳይታለች። ቦጋለች ገብሬ እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህቷ ጋር የከምባታ ሴቶችን ድርጅት ስትመሠርት ነዋሪው መጀመሪያ የጠየቃት ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ስብከት አልነበረም። ድልድይ ነበር። ድልድዩ ተሠራ፣ አመኔታም መጣ። ከዚያ በኋላ ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም ወጣቱም በአንድነት የሚቀመጡበት የማህበረሰብ ውይይት ተጀመረ። ግርዛትን ሲያስቀጥለው የኖረው ትልቁ ምክንያት «ያልተገረዘችን ማን ያገባታል?» የሚለው ስለነበር መልሱን መስጠት የሚችሉት ወንዶቹ ነበሩ። ከመጀመሪያዎቹ ሠርጎች በአንዱ ሙሽራው ያልተገረዘች ሴት በማግባቱ ደስተኛ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ አንግቦ በሕዝብ ፊት ቆመ። አንድ ሙሽራ የጀመረውን ሌሎች ተከተሉት። እ.ኤ.አ. በ2019 ያረፈችው ቦጋለች ትታልን የሄደችው ትምህርት ይህ ነው፤ ወንድ በአደባባይ ሲናገር ሌላው ወንድ መንገድ ያገኛል።

«ወንዶችን ማስተማር ገንዘብ ማባከን ነው»

ይህን ስጋት አልንቀውም። ለተጠቂዎች መጠለያ የሚሆነው ገንዘብ በየሆቴሉ ለሚደረግ የአንድ ቀን ስብሰባ ከዋለ በእርግጥ ብክነት ነው። እንደ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማህበር ያሉ መጠለያ የሚሰጡ ድርጅቶች በጀት ለወንዶች ሥልጠና ተብሎ መነካት የለበትም። በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃት በሚታሰብበት በኅዳር 16 ቀን ነጭ ሪባን አድርጎ ፎቶ መነሳትም ብቻውን ማንንም አያድንም። ወንዶች መድረኩን ይዘው ስለ ሴቶች ሲወስኑ ያየሁበት ስብሰባም አለ፤ ይህ የድሮው ነገር በአዲስ ስም ነው።

በደንብ ሲሠራ ግን ውጤት ያመጣል። በጉራጌ ዞን 64 መንደሮችን ያካተተ ጥናት ተደርጎ ነበር። በቡና ሥነ ሥርዓት ላይ የተመሠረቱ 14 ውይይቶች በአንዳንዶቹ መንደሮች ለወንዶች፣ በአንዳንዶቹ ለሴቶች፣ በአንዳንዶቹ ደግሞ ለባልና ሚስት አንድ ላይ ተሰጡ። ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ ሲታይ፣ ወንዶቹ በተወያዩባቸው መንደሮች በሚስታቸው ላይ ወሲባዊ ጥቃት እንደፈጸሙ የሚናገሩ ወንዶች ቁጥር ቀንሶ ተገኘ። የቤት ሥራ መጋራትም ጨመረ። ሴቶችን ብቻ ማስተማር ለምን እንደማይበቃ ይህ ያስረዳል፤ ዱላው ያለው በሌላው እጅ ነው። በካምፓላ ደግሞ «ሳሳ!» የተባለው ፕሮግራም ከነዋሪው መካከል የተመረጡ ወንዶችና ሴቶች በየሰፈሩ፣ በየገበያው፣ በየጋራዡ ጎረቤቶቻቸውን እንዲያወያዩ አደረገ። ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከተሠራ በኋላ፣ ፕሮግራሙ በደረሰባቸው ሰፈሮች ሴቶች በዓመቱ ውስጥ ከአጋራቸው የደረሰባቸው አካላዊ ጥቃት ካልደረሰባቸው ሰፈሮች በ52 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ጊዜ ወስደዋል፣ ሁለቱም ሰው በሚኖርበት ሰፈር በውይይት የተሠሩ ናቸው።

ለዚህ ሥራ አዲስ ድርጅት የግድ አያስፈልገንም። ዕድር አለን። አባላቱ በየወሩ ይሰበሰባሉ፣ መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ ለቀብር ያልመጣን ይቀጣል። ሲሞቱ ለሚያለቅስ ዕድር በሕይወት ሳሉ መድረስ አይከብደውም። ስለዚህ የዕድር ዳኛ፣ ጸሐፊ ወይም ተራ አባል የሆንክ ሁሉ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን አጀንዳ አስይዝ። ሚስቱን የሚደበድብ አባል በምን እንደሚጠየቅ በደንቡ ይጻፍ። የተደበደበች ሴት ሌሊት የምታንኳኳው ቤት ይታወቅ። ጤና ጣቢያና ፖሊስ ጣቢያ አብረዋት የሚሄዱ ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች በስም ይመረጡ።